ገንዳው ወይስ አልጋው?

በዚህ ወር የመጡልኝን ደብዳቤዎች ሳገላብጥ ገረመኝ። ስለ እጅ አወራወር ወይም ስለ አተነፋፈስ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ሁሉም ስለ እንቅልፍ ነው። ደስ አለኝ። እኔ ገንዳ ዳር ቆሜ ጎልማሶችን ሳሠለጥን መጀመሪያ የምጠይቀው «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?» ብዬ ነው። «እርስዎ አሠልጣኝ ነዎት ወይስ አማት?» ያለችኝ ተማሪ አለች። ትበል።

ሐኪም አይደለሁም፣ የዋና አሠልጣኝ ነኝ። ሐኪም የሚያስፈልገው ነገር ሲመጣ እዚያው እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን የራሳችን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? 41 ዓመቴ ነው፤ ባንክ እሠራለሁ። በሳምንት አራት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ገንዳ ውስጥ ነኝ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። ማታ ልጆች ተኝተው፣ ዜና ታይቶ፣ ስልክ ተነካክቶ ስተኛ 6 ሰዓት ይሆናል። አምና 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ገብቼ ነበር። ዘንድሮ ልምምዱን ከሁለት ቀን ወደ አራት ባሳድግም ከ1 ደቂቃ ከ27 አልወርድ አልኩ። አምስተኛ ቀን ልጨምር?
— ተስፋ የማይቆርጠው፣ ከሲኤምሲ

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ አትጨምር። እንዲያውም ከአራቱ አንዱን ጣል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል አራት ሰዓት ተኩል ነው። እሱም አልጋ ላይ የቆየህበት እንጂ የተኛህበት አይደለም። እንቅልፍ እስኪወስድህ የሚባክነውና በመሀል የምትነቃው ሲቀነስ አራት ሰዓት ብትተኛ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከእንቅልፍ ምርምር ማኅበሩ ጋር ሆኖ በ2015 ባወጣው ምክር አዋቂ ሰው በየሌሊቱ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይተኛ ይላል። ልዩነቱን በአራት ሌሊት አባዛው። አንተ የባንክ ሰው ነህ፣ ወለዱን እኔ አልነግርህም።

ደግሞ ብቻህን አይደለህም። ጠዋት 12 ሰዓት የዋናተኛ ሁሉ ጣጣ ነው። ገንዳው ቀን ላይ ለልጆች፣ ለእንግዳ፣ ለኪራይ ይፈለጋል። ለእኛ የሚተርፈን ጎህ ነው። በአውስትራሊያ ቻርሊ ሳርጀንትና ባልደረቦቿ በ2014 ያሳተሙት ጥናት አለ። ለቤጂንጉ ኦሊምፒክ ይዘጋጁ የነበሩ ሰባት ዋናተኞችን ለ14 ቀን ተከታተሉ። ልምምዱ የሚጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ነበር። ልምምድ ባለበት ዋዜማ የተኙት በአማካይ 5.4 ሰዓት ብቻ ነው። ዕረፍት በሆነበት ዋዜማ ግን 7.1 ሰዓት ተኝተዋል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ማታ 4 ሰዓት ገደማ አልጋቸው ውስጥ ነበሩ። አልጋ ላይ ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ተጋድመው አምስት ከምናምን ሰዓት ብቻ ተኙ። ጠዋት ማልዶ መነሣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እንቅልፉ እንኳ እንቅልፍ አይሆንም።

አሁን ወደ ሦስቷ ሰከንድህ እንምጣ። «እንቅልፍ ያጣ ዋናተኛ ጉልበት ያጣል» ቢሉህ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። በ1992 የታተመ አንድ የእንግሊዞች ሙከራ ስምንት ዋናተኞችን ለተከታታይ ሌሊቶች 2.5 ሰዓት ብቻ እያስተኛ 50 እና 400 ሜትር አስዋኛቸው። ምን ሆነ መሰለህ? ፍጥነታቸው አልቀነሰም! የተበላሸው ስሜታቸው ነው። ድካሙ፣ ንዴቱ፣ መደበቱ፣ ግራ መጋባቱ ጨመረ። ይህን የሰሙ ጉልበተኞች «ያው፣ አልተኛሁም ግን ዋኘሁ» ይሉኛል። አዎ፣ አንድ ጊዜ እልህ ይዞህ ትዋኛለህ። ውድድር አንድ ጊዜ ነው፤ ልምምድ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። እንቅልፍ ማጣት የሚበላው ልምምዱን ነው።

ገንዳ ዳር ስቆም የማየውን ልንገርህ። ያልተኛ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሃምሳዎች ሰው መስሎ ይዋኛል። ከዚያ ክርኑ ይወርዳል። ውሃውን መያዝ ትቶ መዳበስ ይጀምራል። በየሦስቱ ይተነፍስ የነበረው በየሁለቱ ይተነፍሳል። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ሰውነቱን ቀስት አድርጎ ከመወርወር ይልቅ ገፋ ብቻ አድርጎ ይወጣል። በዕረፍቱ መሀል መነጽር ያስተካክላል፤ መነጽሩ ምንም አልሆነም። በመጨረሻ «ጨረስኩ» ይለኛል። በርቀት ጨርሷል። ግን የተለማመደው ምንድን ነው? ደካማ ዋና። ሰውነት የደጋገሙትን ነው የሚይዘው፤ አንተም በሳምንት አራት ቀን የምትደጋግመው የደከመውን ዋናህን ነው። አምና በሁለት ቀን ያመጣኸውን ዘንድሮ በአራት ቀን ያጣኸው ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ጡንቻህ የሚጠገነው ገንዳ ውስጥ ሳይሆን አልጋ ላይ ነው። የእድገት ሆርሞን ከሁሉ በላይ የሚፈሰው ከባዱ እንቅልፍ ላይ፣ በሌሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ነው። በ1997 ሰባት ሴት ዋናተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ልምምዱ በከበደበት ወቅት ከባዱ እንቅልፋቸው ከጠቅላላው 31 በመቶ እንደነበረ፣ ውድድር ቀርቦ ልምምዱ ሲቀል ወደ 16 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። ሥራ ሲጨምር ሰውነት ከባድ እንቅልፍ ይጨምራል ማለት ነው። አንተ ሥራውን ጨምረህ እንቅልፉን ነሣኸው።

እንግዲህ የምልህ ይኸው። ሁለት ጠዋት ብቻ ያዝ፣ የማይከታተሉ ቀናት ይሁኑ። ሦስተኛው ቅዳሜ ረፋድ፣ 3 ሰዓት ላይ ይሁን። በእነዚያ ሁለት ዋዜማዎች ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩን ሌላ ክፍል አድርገው። ዜናው ነገም አለ። ለመተኛት የምትገባበትን ሰዓት በአንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት አታስቀድመው፣ አፍጥጠህ ታድራለህ። በየጥቂት ቀኑ ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት እያልክ ሳበው። ጠዋት 12 ሰዓት ብቻ የሚከፈት ገንዳ ከሆነና ከቤትህ አንድ ሰዓት ተኩል የሚርቅ ከሆነ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሌላ ገንዳ ፈልግ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሰው ሰዓት ይያዝልህ። ግን አምና በያዝክበት ሰዓት ላይ ይሁን። አምና ማታ፣ ዘንድሮ ጠዋት ከሆነ የማይወዳደር ነገር እያወዳደርክ ነው። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2020 ከአቴንስ እስከ ሪዮ ባሉት አራት ኦሊምፒኮች የዋኙ 144 ሰዎችን ሰዓት አይተው ነበር። ሰው ከሁሉ የሚፈጥነው ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ጠዋት ማለዳ ከሁሉ ይዘገያል። ልዩነቱ 0.37 በመቶ ነው። ካንተ 84 ሰከንድ ላይ ሲሰላ የሰከንድ ሲሶ አይሞላም። ስለዚህ ሦስቱንም ሰከንድ በጠዋቱ ላይ አታላክክ። 1 ደቂቃ ከ24 ካልተመለሰች ግን ጻፍልኝ፣ ያኔ ክርንህን እናያለን።

ጥያቄ፦ በቀን 10 ሰዓት የተኙ ዋናተኞች በጣም ፈጠኑ የሚል ነገር በየቦታው አያለሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?
— ተጠራጣሪዋ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወሬ አይደለም። ግን እንደሚወራው ትልቅ ነገር አይደለም።

ነገሩ የመጣው ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቼሪ ማህ የምትባል ተመራማሪ በ2008 የዩኒቨርሲቲውን ዋናተኞች ለስድስት ሰባት ሳምንት በቀን 10 ሰዓት ለመተኛት እንዲሞክሩ አደረገች። 15 ሜትር የሚዋኙበት ሰዓት በ0.51 ሰከንድ አጠረ። ከመነሻው የሚወረወሩበት በ0.15 ሰከንድ ፈጠነ። ግድግዳ ላይ የሚዞሩበት በ0.10 ሰከንድ ተሻለ። የእግር ምታቸውም ጨመረ። ስሜታቸውም ቀና።

ታዲያ ለምን ትልቅ አይደለም አልኩሽ? የተጠኑት አምስት ሰዎች ናቸው። ጎን ለጎን እንደ ድሮው እየተኙ የሚነጻጸሩ ሌሎች አልነበሩም። በእነዚያ ሳምንታት ልምምድም ላይ ነበሩ፤ ፍጥነቱ ከልምምዱ ይሁን ከእንቅልፉ ለመለየት ያስቸግራል። ይህች ተመራማሪ በ2011 በ11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ ያሳተመችው ከዚህ የዳበረ ነው፤ እዚያም ሩጫቸው ከ16.2 ወደ 15.5 ሰከንድ ወርዷል። እዚያም ማነጻጸሪያ ቡድን የለም።

እኔ ግን አንድ ነገር ከእሱ እወስዳለሁ። ከመነሻ ላይ የሚገኝ 0.15 ሰከንድ ሌላ በምን ይገኛል? በጡንቻ አይገኝም፣ በነቃ አእምሮ ነው። 10 ሰዓት ተኚ አልልሽም፤ ሥራና ልጅ ያለው ሰው 10 ሰዓት ከየት ያመጣል? ስድስት ሰዓት የምትተኚ ከሆነ ሰባት ተኩል አድርጊው። ከዚያ በላይ ትርፍ ነው።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ የዋና ውድድር ያዘጋጃል። ዋዜማውን ዓይኔ አይከደንም። ዘንድሮ የእንቅልፍ ክኒን ልውሰድ እያልኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?
— ፈሪው ዋናተኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ክኒኑን ተወው። በሕይወትህ ቀምሰህ የማታውቀውን መድኃኒት በውድድር ዋዜማ መሞከር ጠዋት ደንዝዞ መነሣትን ሊያመጣብህ ይችላል። ደንዝዘህ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው የምትገባው። በሐኪም ካልታዘዘልህ አይሆንም።

ፈሪ ነኝ አትበል። በ2015 የታተመ ጥናት 283 የአውስትራሊያ ስፖርተኞችን ጠይቆ 64 በመቶዎቹ ባለፈው ዓመት ከትልቅ ውድድር በፊት ባለው ሌሊት ቢያንስ አንዴ ከወትሮው የባሰ እንቅልፍ እንደነበራቸው ተናግረዋል። ሀገር የሚወክሉትም ይገላበጣሉ ማለት ነው። ደስ የሚለው፣ አንድ መጥፎ ሌሊት 50 እና 100 ሜትር ላይ ብዙ አይጎዳም። 1,500 ብትዋኝ ኖሮ ትንሽ እሰጋልህ ነበር፤ ርቀት ሲረዝም እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካሙ ቶሎ ይሰማዋል።

እንቅልፉን አስቀድመህ አጠራቅመው። ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት በየቀኑ ሰዓት ያህል ጨምረህ ተኛ። ዋዜማው ያኔ የፈለገውን ይሁን። ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ደግሞ ከምሳ በኋላ ጋደም በል። በ2007 በታተመ ሙከራ አራት ሰዓት ብቻ የተኙ አሥር ወንዶች ከምሳ በኋላ 30 ደቂቃ ሲያሸልቡ የ20 ሜትር ሩጫቸው ተሻሽሏል። ግን ሃያ ሰላሳ ደቂቃ ይሁን እንጂ ሰዓት አይሁን። ሰዓት ከተኛህ ስትነቃ የት እንዳለህ ይጠፋሃል። ከነቃህ በኋላም ወዲያው ዘለህ ውሃ አትግባ፣ ግማሽ ሰዓት ተንቀሳቀስ።

ደግሞ ፕሮግራሙን እየው። ውድድሩ በስንት ሰዓት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ግማሽ ዝግጅት ነው። ቤጂንግ ላይ በ2008 የዋና ፍጻሜዎቹ የተደረጉት ጠዋት 4 ሰዓት ነበር፤ ሪዮ ላይ በ2016 ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ተጀምረው እኩለ ሌሊት ይጠጉ ነበር። ሁለቱም ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ተብሎ ነው። ዋናተኞቹ ምን አደረጉ? እንቅልፋቸውንና ልምምዳቸውን ቀድመው አዞሩት። ያንተ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ከአሁኑ በዚያ ሰዓት ዋኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ የሌሊት ፈረቃ። ጠዋት 1 ሰዓት ስወጣ የሠራተኞች መኖሪያ ገንዳ ባዶ ስለሆነ እዋኝና እተኛለሁ። አንዳንዴ ግን ውሃ ውስጥ ሆኜ ዓይኔ ይከደንብኛል። ዋናውን ከሥራ በፊት ባደርገው ይሻላል?
— የሌሊት ወፍ

መልስ፦ ይሻላል ብቻ አይደለም፣ ዛሬውኑ አድርገው። ውሃ ውስጥ ዓይንህ መከደኑን እንደ ቀልድ ነው የጻፍከው። እኔ ሳነበው ደነገጥኩ።

ለ17 ለ19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አእምሮው ደም ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይዘገያል፤ ይህ በ2000 በታተመ ጥናት የተረጋገጠ ነው። 24 ሰዓት ከሆነ ወደ 0.10 ይጠጋል። ጠጥተህ ባዶ ገንዳ ውስጥ ብቻህን ትገባለህ? አትገባም። ስለዚህ ከፈረቃ በኋላ ብቻህን አትዋኝ። አለቀ።

ቀኑን እንዲህ አዙረው። ከሥራ ስትወጣ ጥቁር መነጽር አድርግ፤ የጠዋት ፀሐይ ሰውነትህን «ነጋ» ብሎ ይቀሰቅሰዋል፣ የዱባይ ፀሐይ ደግሞ ምን እንደሚመስል አንተ ታውቃለህ። ቀለል ያለ ነገር ብላና ወዲያው ተኛ። ክፍሉን ድፍን አድርገህ አጨልመው። መጋረጃው ካልቻለ ወፍራም ጨርቅ ሰካበት፣ ዓይን መሸፈኛም ርካሽ ነው። አብረውህ የሚኖሩት በሌላ ፈረቃ ከሆኑ የጆሮ መድፈኛ ግዛ። ከሰዓት ስትነቃ፣ በ10 እና በ11 ሰዓት መሀል ዋኝ። ሰውነትህ ሞቅ ያለው ያኔ ነው፣ ሰውም አለ። ያን ጊዜ ፍጥነትህን ራስህ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሴት ነኝ። ዋና የጀመርኩት በሐኪም ምክር ለጉልበቴ ነው፣ አሁን ግን ወድጄው ለውድድርም እያሰብኩ ነው። ችግሩ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል፣ እነቃለሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ የለም። ባለቤቴ ደግሞ «ታንኮራፊያለሽ» ይለኛል። ማታ 2 ሰዓት ላይ መዋኘቴ ይሆን?
— ዘግይታ የጀመረችው፣ ከገርጂ

መልስ፦ እሜቴ፣ እንኳን ዘግይተውም ጀመሩ። ሁለት ነገር ለይተን እንይ።

ላቡና መንቃቱ በእርስዎ ዕድሜ ከማረጥ ጋር የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ማንኮራፋቱ ግን ሌላ ነው። ከማረጥ በኋላ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ በእንቅልፍ ልብ ትንፋሽ የመቋረጥ ችግር ይበዛባቸዋል። ባለቤትዎን አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ በማንኮራፋቱ መሀል ትንፋሽዎ ጸጥ ይላል? ከዚያ ደንገጥ ብለው ይተነፍሳሉ? አዎ ካሉ፣ ጠዋትም ራስዎን የሚያምዎ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህ በትራስ ማስተካከል የሚያልፍ ነገር አይደለም። ስምንት ሰዓት ተኝቶ አራት ሰዓት እንደተኛ ሰው መዋኘት ማለት ነው።

የማታውን ዋና ግን አይፍሩት። በምሽት መንቀሳቀስ እንቅልፍ ይነሣል የሚባለው ተጋኗል። እንቅልፍ የሚረብሸው ኃይለኛ ልምምድ ከመተኛት በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሲያልቅ ነው። እርስዎ 2 ሰዓት ጀምረው 3 ሰዓት ቢጨርሱ፣ 4 ሰዓት ተኩል ቢተኙ ምንም የለበትም። ሲጨርሱ ሞቅ ባለ ውሃ ይታጠቡ። ከመተኛት አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42 ዲግሪ በሆነ ውሃ መታጠብ ሰው በአማካይ አሥር ደቂቃ ቀድሞ እንዲተኛ እንደሚያደርግ በ2019 የብዙ ጥናቶች ድምር አሳይቷል። ቆዳው ሙቀቱን ስለሚለቅ ውስጡ ይበርዳል፣ እንቅልፍ ደግሞ የሚመጣው ውስጡ ሲበርድ ነው። ላብ ለሚያጠምቀው ሰው መኝታ ክፍሉ ቀዝቀዝ ቢል፣ ብርድ ልብሱም አንድ ወፍራም ከሚሆን ሁለት ስስ ቢሆን ይረዳል፤ ሌሊት አንዱን ይገፉታል።

አሁን ቡናውን። ስንት ሰዓት ነው የሚያፈሉት? ካፌይን ከመተኛት ስድስት ሰዓት በፊት ተወስዶ እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በ2013 በተደረገ ሙከራ ታይቷል፤ መጠኑ ብዙ ነበር፣ 400 ሚሊግራም። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲደመር እኛም ትንሽ አንጠጣም። ቡናውን አቁሙ የምል ሰው አይደለሁም፣ ቤቴም አያስገባኝ። ከ9 ሰዓት በኋላ ያለውን ብቻ ለጎረቤት ይተዉት።

ጥያቄ፦ እናቴ በክረምት መዋኘቴን አትወድም። «ውሃው ብርድ እየመታሽ ነው ሁልጊዜ ጉንፋን የሚይዝሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው?
— ሀኒቾ

መልስ፦ እናትሽን አትጣያት። ግን ጥፋተኛው ውሃው አይመስለኝም። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ሲመጣ ሰውነትሽ ቆሞ ይጠብቀዋል ወይስ ተኝቷል? እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የሚገባው። በ2015 በታተመ ሙከራ 164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨመረ። በሌሊት ከስድስት ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። አንቺ ጠዋት ገንዳ ብለሽ ከምትነሺበት ሰዓት ጀርባ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ አልጻፍሽልኝም። ከስድስት በታች ከሆነ ለእናትሽ «ብርዱ አይደለም፣ እንቅልፉ ነው» በያት። ከወጣሽ በኋላ ጸጉርሽን አድርቂ ደግሞ፤ ለሰላም ያህል።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፍልዎት። እዚህ ከጎልማሶች ቡድን ጋር ነው የምዋኘው። ለጥምቀት አዲስ አበባ እመጣለሁ፣ ሁለት ሳምንት። ልምምዴን ማቋረጥ አልፈልግም። ባለፈው ስመጣ ጠዋት 2 ሰዓት ገንዳ ገብቼ ሁለት መቶ ሜትር ሳልዋኝ ትንፋሼ አለቀ። ምን ላድርግ?
— የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ በቅድሚያ። በጥር ወር የሁለታችን ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ እኩለ ሌሊት ነው። አንተ እንግዲህ እኩለ ሌሊት ላይ ነበር ስትዋኝ የነበረው። በዚያ ላይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ጨምርበት። ትንፋሽህ ባያልቅ ነበር የሚገርመኝ።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ዋኝ። ለሰውነትህ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ ነቅቷል። ጠዋት ከኃይለኛ ፀሐይ ሸሽ፤ ከሰዓት ግን ውጣና ፀሐይ ጠጣ። የውስጥ ሰዓትህ ወደ እኛ የሚዞረው በከሰዓቱ ብርሃን ነው። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይዞራል ብለህ አስብ፣ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት አትያዝ፣ ቀስ ብለህ ብቻ ዋኝ። አንዳንድ ሰው ከዝቅተኛ ቦታ ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ትንፋሹ ወጣ ገባ እያለ ይቀሰቅሰዋል፤ እንዳትደነግጥ፣ ያልፋል። ካላለፈ ወይም ደረትህን ከከበደህ ግን ሐኪም።

በነገራችን ላይ ማይክል ፌልፕስ ከለንደኑ ኦሊምፒክ በፊት ከ2,500 ሜትር በላይ ያለውን አየር የሚያስመስል ክፍል ውስጥ ይተኛ ነበር። ውድ ዕቃ ነው። እንጦጦ ጥግ ያለች አክስት ካለችህ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ጫት እቅማለሁ። እሑድ ጠዋት ላንጋኖ ወርጄ ረጅም ዋና እዋኛለሁ። ሁለቱ ይጋጫሉ?
— ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ይጋጫሉ። ጫት የሚያነቃ ነገር ነው፣ ልብንም ያስሮጣል። ቅዳሜ ከሰዓት የቃመ ሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው የሚተኛው፣ እሱም ብጥስጥስ ያለ። ብዙ ሰው ደግሞ «ጨብሲ» ብሎ ቢራ ይደርብበታል። ቢራው ቶሎ ያስተኛሃል፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰባብረዋል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ተነሥተህ መኪና ትነዳለህ። ከዚያ ዳር የሌለው ሐይቅ ውስጥ ትገባለህ።

ገንዳ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው በየ25 ሜትሩ ይጠብቅሃል። ላንጋኖ ላይ የምትይዘው ነገር የለም፣ ውሃውም ቡናማ ስለሆነ ብትሰምጥ የሚያይህ የለም። ሌላውን ምክር ለሌላ ቀን ላቆየውና ለአሁኑ ይቺን ብቻ፦ ቅዳሜ ከቃምክ እሑድ ዳር ላይ ተኛ፣ ሻይ ጠጣ፣ የምትዋኘው ከሰዓት በኋላ፣ ከሰው ጋርና ዳሩን ይዘህ ይሁን። ለመንዳትም ሌላ ሰው ፈልግ።